በክዳኑ ላይ የጻፍኩት ስም

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ሀብተማርያም፣ ደጀን።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? ጤፉስ አሸተ? የእማዬ ዓይንስ እንዴት ሆነላት? እኔ ልጅዎ አጸደ በአካል ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና ስላልሆነ፣ በስልክ ድምፅዎን እየሰማሁ ልናገረው ያልቻልኩትን በወረቀት ጽፌዋለሁ። ማሙሽ ወንድሜ፣ ስታነብላቸው አንዲት መስመር እንዳትዘል።

ቤቴል አጠገብ ባለው ላቦራቶሪ የምንሠራውን ነግሬዎት ነበር። ከእንስሳ የተወሰዱ ሕዋሳት ለመድኃኒት የሚሆን ፕሮቲን እንዲያመርቱ ይደረጋሉ። ሁሉም ግን እኩል አይሰጡም፤ ከበረቱ ላሞች ማለቢያው ሞልቶ እስኪፈስ የምትታለብ አንዲት እንዳለች ሁሉ፣ ከሺዎቹ የምትበልጠዋን ፈልገን እናራባለን። እኔና ቦንቱ የምትባል የሆለታ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንፈልግ ከረምን።

ሕዋሳቱ የሚያድጉበት ሣህን ክዳን አለው። ክዳን ስለሚለዋወጥ ስም የሚጻፈው በሣህኑ ጎን ነው፤ አለቃችን አቶ መዝገቡ ስንት ጊዜ ነግረውናል። እኔ ግን ስለሚቀለኝ በክዳኑ ላይ እጽፍ ነበር፤ ቦንቱም ከእኔ አይታ ለመደች። በሐምሌ አንድ ቀን የሁለታችንን ሣህን ከፍቼ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ክዳኖቹን በጨለማ ተጣድፌ ገጠምኳቸው።

ውጤቱ ሲመጣ ስሜ ያለበት ሣህን ከሁሉ በለጠ። ተጨበጨበልኝ። ያን ዕለት ነው ደውዬ ያበሰርኩዎት፤ እርስዎም በሚካኤል ማኅበር ላይ ተነሥተው ልጄ የመድኃኒት ምንጭ አገኘች ማለትዎን ሰማሁ። በሳምንቱ ሣህኑን ሳነሳ ግን ጠርዙ ላይ ጭረት አየሁ። ከመጀመሪያው ጭረት የነበረበት የቦንቱ ሣህን ነበር። አባባ፣ የሰው ላም በረቴ አስሬያለሁ። ክዳኑን ያቀያየርኩት በስህተት ነው፤ አይቼ ዝም ማለቴ ግን ስህተት አይደለም። አባቴ በማኅበር ፊት የተናገሩት ቃል እንዴት ይታጠፋል እያልኩ፣ ሁለት ወር ሙሉ በእርስዎ ስም ተሸሸግኩ። በዚህ መሀል የቦንቱ ሕዋሳት ሰነፎች ናቸው ተባለና ዕቃ ወደ ማጠብ ተዛወረች። እንዲያም ሆና ጠዋት ጠዋት ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቦታ ትይዝልኝ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ኅሊናዬ አላስቀምጥ ቢለኝ ለአቶ መዝገቡ ሁሉንም ተናገርኩ። ቦንቱ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ዕቃውን አሁን የማጥበው እኔ ነኝ፣ ይገባኛል። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝና «ጭረቱን እኔም አይቼዋለሁ፤ አንቺ እስክትናገሪ ነው የጠበቅኩት» አለችኝ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ማሙሽ፣ የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። አባባ፣ እህቴን ፋሲካን፣ ማሙሽን፣ ጎረቤታችንን እትዬ ጥሩነሽን ሰላም ይበሉልኝ። ለማኅበርተኞቹ ሰላምታዬን ሲያደርሱ ግን እንደዚያን ቀን ተነሥተው «የመድኃኒቱን ምንጭ ያገኘችው የእኔ ልጅ አይደለችም፣ ቦንቱ ደበላ ናት» ይበሉልኝ። ስሟን ሁሉም እስኪሰማ ጮክ ብለው ይጥሩት።

ያሳፈረችዎት ልጅዎ አጸደ
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.