የፈዲላ አምስት ቀናት

ጥቅምት 3

ጠዋት በእግሬ ሄድኩ፤ ባጃጁ ወገቤን ያንገጫግጨኛል። ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ የአሻራ ማሽኑን ነካሁ። ማሽኑ ቁጥሬን አሳየ፣ ጢጥ አለ፣ በቃ። ድሮ በሰዓት ፊርማው መዝገብ ላይ ቀዩን መስመር የማሰምረው እኔ ነበርኩ። ያረፈደ ከመስመሩ በታች ይፈርማል፣ ፊቴን እያየ። ከጡረታ መልሰው የሠራተኛ ፋይል አስተካክዪ ካሉኝ ወዲህ ግን ማንም የማንንም ፊት ሲያይ አላየሁም።

ከሰዓት አለቃችን አቶ ዝናው የመስከረምን ሪፖርት አመጣ። ፈዲላ ከ19 እስከ 23፣ አምስት ቀን ሙሉ የለችም። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው!

"እትዬ ስህን፣ የስንብት ደብዳቤ ያዘጋጁልኝ" አለ።

ጥቅምት 4

ፈዲላን ጠራኋት። ሥራዋ በየመንደሩ እየዞሩ ጧሪ የሌላቸውን ሽማግሌዎች ማየት ነው። ጠዋት አሻራ ነክታ ትወጣለች፣ ማታ ነክታ ቤቷ ትገባለች። መሃል ላይ የሚያያት የለም።

"ወላሂ እትዬ፣ በየቀኑ ነክቻለሁ።"

"ማሽኑ አልነካችም ይላል።"

"አባ ኸሚስን ይጠይቋቸው። በ20፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ጥፍራቸውን የቆረጥኩላቸው እኔ ነኝ።"

"እኔ የምጠይቀው ወረቀት ነው" አልኳት።

ጣቶቿን አየት አድርጋ ወጣች። ደብዳቤውን ጻፍኩ። ለምን ከበደኝ? ደንቡ ግልጽ ነው...

ጥቅምት 5

ዝናው ደሴ ስብሰባ ሄዷል። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው። ዓርብ ይፈርማል።

ጥቅምት 6

የመዝገብ ቤት ሠራተኛውን የወልዴን የፈቃድ ወረቀት ወደ ፋይሉ ላስገባ ስል ከሪፖርቱ ጋር አስተያየሁት። ከ19 እስከ 23 ፈቃድ ላይ ነበር። ሪፖርቱ ግን አምስቱንም ቀን ገብቷል ይላል። ጠዋትም፣ ማታም።

እንዴት? ለማርያም በዓል ግሸን ወጥቶ፣ ሲመለስ ሲያነክስ አይቼዋለሁ። ማነው የነካለት? በአሻራ ደግሞ እንዴት ይነካለታል?

ከዚያ ትዝ አለኝ። አሻራው የተመዘገበ ዕለት፣ ነሐሴ ላይ። ዝርዝሩን የጻፍኩት፣ ስም የምጠራው እኔ ነበርኩ። ወልዴ አሥራ አራት፣ ፈዲላ አሥራ አምስት። ፈዲላ ሶላት ሊያልፋት ሆነ። ወልዴ "ትቅደም፣ እኔ ምን ያስቸኩለኛል" አላት። ቀደመች። ባለሙያው በአሥራ አራት እሷን፣ በአሥራ አምስት እሱን መዘገበ። ማሽኑ ስም አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ዝርዝሩን ያኔውኑ ማረም ነበረብኝ። ንጹሕ ገጽ ላይ ስርዝ እንዳይገባ ብዬ፣ በኋላ እገለብጠዋለሁ አልኩ። አልገለበጥኩም።

ስትገባ የወልዴ ስም ላይ ተጻፈላት። እሱ ሲቀር እሷ ቀረች ተባለ።

ጥቅምት 7

ማሽኑ ተበላሸ ብልስ? ሁሉም ይጠላዋል፣ ማንም አይጠይቀኝም። ኮንትራቴ ኅዳር ላይ ያልቃል። እውነቱን ከተናገርኩ አርጅታለች ይላሉ። አርጅቼ ይሆን?

አራት ሰዓት ላይ ዝናው ቢሮ ገባሁ። እስክሪብቶውን ከፍቶ ነበር።

"አይፈርሙ። ስሕተቱ የኔ ነው።"

ሰማኝ። ዝርዝሩን አየ፣ ፈገግም አለ። "ማሽኑ ነው እንበልና እንለፈው እትዬ።"

"የማሽኑ አይደለም። በጽሑፍ ይሁን፣ በስሜ።"

እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጽፌ ፈረምኩ።

ጥቅምት 10

ለፈዲላ ነገርኳት፣ ወልዴም ባለበት።

"ግሸን ሆኜም ሥራ ገብቻለሁ በሉኛ!" አለ ወልዴ። "ይህስ ታምር ነው።"

"ሳምንት ሙሉ የገባሁልህ እኔ ነኝ አያ ወልዴ። ከግሸን ምን አመጣህልኝ?"

ተሳሳቁ። ወደ እኔ ስትዞር ሳቋ የለም።

"ያ የፈቃድ ወረቀት እጅዎ ባይገባ ኖሮስ፣ እትዬ?"

ወረቀቱን አጥፌ ፋይሉ ውስጥ መለስኩት።

"አባ ኸሚስ ጋ ሄዶ ለመጠየቅ እኮ በባጃጅ ሩብ ሰዓት ነው" አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ጥቅምት 18

ማሽኑ፣ ላይኛው ፎቅ የሚሠራው ሙነወር ትናንት አልገባም አለ። ዝናው ማስጠንቀቂያ ይጻፍ አለኝ። ወረቀቱን ትቼ መጀመሪያ ሙነወር ጋ ወጣሁ። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፣ ይሁን።

"ትናንት የት ነበርክ?"

"እውነቱን ልንገርዎት እትዬ? ሐይቁ ላይ። የአጎቴ ልጆች ዓሣ ሲያወጡ አብሬያቸው ዋልኩ።"

"ስለ እውነቱ ተባረክ" ብዬው ወርጄ ማስጠንቀቂያውን ጻፍኩ።

ግን ለፊርማ አላቀረብኩትም። ፈዲላ ከመንደር እስክትመለስ፣ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ጠበቅሁ። ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ቀኑን ከሪፖርቱ ጋር አስተያዪልኝ አልኳት። በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበች።

"ልክ ነው" አለች።

አሁንም አንድ ጊዜ ድገሚልኝ ብዬ ለመንኳት።