እሜቴ እና ቶንዶስህ

ጎፈሬ፣

አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው፤ ሰኞ እመለሳለሁ።

አዲሱን የድመት መጸዳጃ ከሶኬቱ ነቅዬዋለሁ። እንዳትሰካው።

ራሱን የሚያጸዳ ዕቃ የገዛኸው አሸዋ የመጥረግ ተራህን ለመገላገል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይሁን። ድመታችን እሜቴ የምትሸሸው ግን ዕቃውን ሳይሆን ድምፁን ነው። ሲዞር ልክ እንደ ቶንዶስህ ያጉረመርማል። ሆዷን ሙልጭ አድርገህ የላጨሃት ደግሞ አንተ ነህ። "የተቋጠረውን ፀጉሯን ላስተካክል ብዬ ነው" አልክ። ፀጉር ቤትህ ወረፋ ይዛ የመጣች መሰለህ?

አሁን እንዲህ አድርግ። ከአሮጌው ሳጥን ጥቂት አሸዋ ወደ አዲሱ ጨምር፤ የራሷ ሽታ ካለበት ትገባለች። ምግቧን ስትሰጣት በሩ ላይ ቆመህ ቶንዶስህን አስነሳ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቅረባት። አጠገቧ እያጉረመረመ ቀና ሳትል ከበላች፣ ያኔ መጸዳጃውን ሰካው።

ከቸኮልክ መኝታ ቤት ገብታ ነው የምትጸዳዳው። አከራያችን እትዬ ደግሞ "ዳግመኛ ከሸተተኝ ድመቷ ትውጣልኝ" ብለዋል። እሷ ከወጣች እኔም እዚህ ምን እሠራለሁ?

አንድ ነገር ቀርቷል። ትናንት ነጩ ጫማህ ውስጥ ሻይ ፈሰሰ ያልኩህ ሻይ አልነበረም። አጥቤ መስኮቱ ላይ አስጥቼዋለሁ። እሜቴ ስትገባበት አይቻት ነበር፤ "ውጪ!" ብላት ትወጣ ነበር።

ግን ሆዷን አየሁና ዝም አልኩ።