ከበረራ በፊት የተቀረጸ ፊት

ለማከብርሽና ለምወድሽ እኅቴ ለእትዬ ዴልፊያ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? የአባባ ሳል በዚህ ብርድ እንዴት አደረገው? ጋሽ ኮርበት ከከሰል ጉድጓዱ በደኅና ይገባል፣ ይወጣል? ትንሿ ዊኒስ አድጋ ሰው መሳደብ ጀመረች ወይ? እኔ ወንድምሽ ሩፈስ በአካል ደኅና ነኝ። ጥርሴ ሁሉም በቦታው አለ። መልኬም የእንግሊዝ ጭጋግ አጥርቶት አምሮበታል ይባላል፤ የሚለው እኔው ብሆንም።

ጽሕፈቱ ተለወጠ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ በገዛ እጄ። አዎ፣ ያ ትምህርት ቤት ስታስገቢው በመስኮት ዘሎ የሚወጣው ሩፈስ። በጦር ሰፈራችን ጸሎት ቤት ውስጥ አስር አለቃ ፔትሪ የሚባል መነጽራም ማታ ማታ ፊደል ያስተምራል። አሥራ አንድ ሆነን ጀመርን፣ እኔ በአራት ወር ጨርሼ ወጣሁ። እንዳንተ ያለ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም ብሎኛል፤ በምን በኩል እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እስከ ዛሬ የደረሰሽን ደብዳቤ ሁሉ ይጽፍልኝ የነበረው ሆባርት ነው፣ ከጋራው ማዶ ያሉት የእማማ ኦርሊና ስሎን ልጅ። ቀልዱ የኔ፣ እጁ የሱ። ማታ ትምህርት ግባ ብሎ የነዘነዘኝም እሱ ነው፤ ውሸትህን መጻፍ ሰልችቶኛል፣ ራስህ ጻፈው ይለኝ ነበር። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ እሱ ነው። እባክሽ ተቀምጠሽ አንብቢው።

የአውሮፕላን መትረየስ ጠጋኝ መሆኔን መቼም ታውቂያለሽ። ባለፈው ጸደይ ፊልም ሠሪዎች ወደ ሰፈራችን መጡ። አለቃቸው ሻምበል ሌንዝ ይባላል። ከጦርነቱ በፊት ሰው የሚሳሳምበትን ፊልም ሲሠራ የኖረ ነው፤ አሁን ግን መንግሥት በሰማይ ላይ ያለውን ውጊያ እንዳለ ቅረጽ ብሎ ላከው። ተዋናይ የለም፣ ድጋሚ የለም። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ከተኳሾቹ ጋር በቦምብ ጣዩ ሆድ ውስጥ ቆሞ ይሄዳል፣ የሚተኩሱበትንም እየቀረጸ ይመለሳል፣ ከተመለሰ።

መጀመሪያ ላይ አልሆነላቸውም ነበር። እላይ ብርዱ የካሜራውን ዘይት እንደ ሙጫ ያደርቀዋል፣ ፊልሙም እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። ዘይቱን በቤንዚን ጠርጋችሁ ያለ ዘይት አሠሩት፣ እኛ መትረየሱን እንዲያ ነው የምናደርገው ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሠራላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻምበሉ ያላንተ ይህ ፊልም አይወጣም ይላል። ግማሹን እሱ ነው ያለው፣ ግማሹን እኔ ጨምሬበታለሁ።

እዚህ በወረቀት ያልተጻፈ አንድ ሕግ አለ፤ ሊበር የተነሣ ሰው ካሜራ ፊት አይቆምም፣ ከቆመ አይመለስም ይባላል። ከተመለሰ በኋላ የፈለግኸውን አድርገው። ስለዚህ ሻምበሉ አሸኛኘቱን የሚቀርጸው ሰዎቹ ከመጡ በኋላ ነበር። በድካም የሚንገዳገዱትን ሰዎች እንደገና ወደ አውሮፕላኑ አውጥቶ እጃችሁን አውለብልቡ ይላቸዋል። ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ ግን ቁርጥ ውሸት ሆነ። የሚሄድ ሰው ፊትና የመጣ ሰው ፊት አንድ አይደለም፣ እትዬ። ሻምበሉ ተበሳጨ። እኔም ይህ አፌ አላርፍ አለና፣ ለኔ ተዉት፣ ከመብረሩ በፊት ካሜራ ፊት የሚቆም ሰው አመጣለሁ አልኩ።

ሆባርት የጅራት ተኳሽ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ በርሮ ተመልሷል። ሃያ አምስት የሞላለት ወደ አገሩ ይገባልና ስድስት ነበር የቀረው። ሄጄ ስለምነው፣ «ሩፌ፣ ይሄን ተወኝ፤ ሌላ የፈለግኸውን ጠይቀኝ» አለኝ። አልተውኩትም። በጓደኞቹ ፊት ሣጥን የምትፈራ ዶሮ አልኩት፣ ጀርመኑ ካሜራው ውስጥ ተደብቋል እንዴ አልኩት። እነሱ ሳቁ፣ እሱ አልሳቀም። በመጨረሻ በማይችለው በኩል መጣሁበት። «እናትህ ካየችህ ሁለት ዓመቷ ነው። በከተማው ሲኒማ ከፊት ወንበር ቁጭ ብላ ታይህ ነበር» አልኩት። እሺ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ሻምበሉ ካሜራውን ተከለ፣ እኔ አጠገቡ ቆምኩ። ሆባርት ቆቡን አውልቆ ካሜራውን ትክ ብሎ እያየ አንድ ነገር ተናገረ፣ ከዚያ በአውሮፕላኑ ጅራት በኩል ገባ። ሃያ አንድ አውሮፕላን ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ዳር ቆመን እየቆጠርን አሥራ ስምንት ላይ ቆምን። የነሆባርት አልነበረም። ቴሌግራሙ እማማ ኦርሊና ዘንድ ከደረሰ ስድስት ሳምንት እንደሚሆነው አውቃለሁ። ደብዛው ጠፍቷል ነው የሚለው፣ እኛም ዘንድ ከዚህ የተለየ ወሬ የለም።

ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤት ስገባ ከጎኔ የሚቀመጥ ሰው የለም። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ተናግረውኝ ቢሆን በተሻለኝ፣ መልስ አላጣም ነበር። ቀልድ ስጀምር ሁሉም ወደ ሾርባው ያቀረቅራል። እሑድ እሑድ ሆባርት ብዕሩን ይዞ የሚመጣበት ሰዓት ሲደርስ የብስክሌት መጠለያው ውስጥ እገባና ለራሴ አወራለሁ። ይኸው እኔ፣ የሠርጉ ሁሉ አድማቂ።

ባለፈው ሳምንት ፊልሙ ታጥቦ መጣ። ሻምበሉ ለብቻዬ አስጠርቶ አሳየኝ። ሆባርት የሚታይበት አሥራ አንድ ሴኮንድ ነው፤ ድምፅ የለውም። ሻምበሉ መብራቱን አብርቶ እንዲህ አለኝ፦ «ከዚህ የበለጠ ነገር አልቀረጽኩም። ግን እናቱ ሳታስበው ሲኒማ ቤት ልታየው ነው። ቆርጬ ባወጣው ደግሞ መቼም አታየውም። አንተ የአገሩ ልጅ ነህ፣ አንተ ወስን።» ውሳኔው የኔ አይደለም፣ የእናትየው ነው አልኩት። እስከ ገና እጠብቃለሁ አለኝ።

ስለዚህ እትዬ፣ በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው ጋራውን ተሻግረሽ እማማ ኦርሊና ዘንድ ሂጂልኝ። በሲኒማ እንዲታይ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት። መልስ ከመስጠቷ በፊት ግን ማን ካሜራ ፊት እንዳቆመው ንገሪያት። ሻምበሉ አዘዘው ብዬ አንድ ወረቀት ጽፌ ነበር፣ ቀደድኩት። ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ቀልጄበት፣ በስሟ ለምኜ። አትሸፍኚልኝ። እናት ሆነሽ ስታሳድጊኝ ብዙ ሸፍነሽልኛል፣ ይህን ግን አትሸፍኚው።

ሆባርት ካሜራውን እያየ ያለውን ነገር የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሻምበሉን ሞተሩ አደንቁሮት ነበር፣ እኔ ግን ጩኸቱን ለምጄዋለሁ። ቃሉ ይኸውልሽ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ አድርሺላት፦ «እማ፣ በዚህ ብርድ ፊቴን የታጠብኩት ላንቺ ብዬ ነው።»

መልሷን ምንም ይሁን ምን እንዳለ ጻፊልኝ። አለስልሼ ልጻፍለት እንዳትዪ፤ አሁን ራሴ ማንበብ እችላለሁ።

ለአባባ እጅ ነሥቻለሁ፤ ደረቱን በሱፍ ይሸፍን። ለጋሽ ኮርበት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ የሰጠኝ ቢላዋ እስካሁን አልጠፋም። ዊኒን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ስድቡንም ለኔ ታስቀምጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ካንቺ በፊት ለሚያነበው መኮንን ሰላም ብያለሁ፤ መቀሱን ቢያስቀምጥልኝ ደስ ይለኛል። ለእማማ ኦርሊና ግን ሰላምታ አልላክሁም። ያልኩሽን ሁሉ ከሰማች በኋላ ሰላም በለኝ ካለች ያን ጊዜ እልካለሁ።

ወንድምሽ
ሩፈስ ታኬት

እንግሊዝ አገር፣ ቦታው የማይነገር
ኖቬምበር 14 ቀን 1943