የእማማ ዘሃራ ግድግዳ

ሰኞ
ካሜራዬን ቀሙኝ! በሰቃ ሰፈር፣ ከድሮው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጀርባ፣ የጭቃ ቤቶቹን ግድግዳ ሳነሳ ሴቶቹ ከበቡኝ። «ልታስፈርሺን ነው የመጣሽው!» እዚህ ሰፈር መጀመሪያ ፎቶ አንሺ ይመጣል፣ ቀጥሎ ቀይ ቀለም፣ ከዚያ ዶዘር። ምን ነክቶኝ ነው የረሳሁት? «የፋብሪካው ቀለም ክፍል ሠራተኛ የነበረው የመኮንን ልጅ ነኝ!» ብል ማን ሰምቶኝ። እማማ ዘሃራ የሚሏቸው አሮጊት ካሜራውን ከአንገቴ መነጨቁኝ። አንዷ ድንጋይ አነሳች። ሮጥኩ።

ማክሰኞ
አልወጣሁም። ለምን ግድግዳ ታነሻለሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ?

አባዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ክፍል ነበር የሚሠራው። እጁ አንድ ሳምንት ሰማያዊ፣ አንድ ሳምንት ቀይ። ጫማውን ሲያወልቅ የሚደገፍበት ግድግዳ ዥጉርጉር ነበር። ሲሞት አከራያችን በኖራ ለቀለቁት። ከዚያ ወዲህ እጅ የነካው ግድግዳ ካየሁ አላልፍም። ሰው አላነሳም። በርና መስኮትም አላስገባም። እድፉን ብቻ።

ረቡዕ
ጉድ ፈላ! በዚያ በኩል ወደ ሥራ የምታልፍ ጓደኛዬ ደወለች። ዛሬ ጠዋት እዚያው ሰፈር ቀይ ምልክት ተቀብቷል። እኔ ባነሳኋቸው ግድግዳዎች ላይ! አሁን ማን ያምነኛል? የአባቴን ስም በገዛ አፌ ነግሬያቸዋለሁ፤ ቤቴን ለማግኘት አይቸገሩም። በሩን ቆለፍኩ። መቆለፉን ደግሜ ሄጄ አየሁ። ሻይ አፈላሁ፣ አልጠጣሁትም።

ሐሙስ
በሩ ተንኳኳ። እማማ ዘሃራ! ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ካሜራዬን በሻሽ ጠቅልለው ይዘዋል። «አውፍ በይን ልጄ፣ በድለንሻል። ቀቢዎቹ የራሳቸው ፎቶ ነበራቸው። አባትሽንም አውቀዋለሁ» አሉኝ። ቅዳሜ ይፈርሳል ተብለዋል። ምትክ ቦታ ለማግኘት እንደኖሩበት ማስረጃ አምጡም ተብለዋል። «ያነሳሽውን አጥበሽ ስጪን፤ ሌላ ምንም የለን።» ደስ ብሎኝ «እሺ እማማ» አልኩ።

ዓርብ
ፊልሙን አጠብኩ። ሠላሳ ስድስት ፎቶ። እድፍ፣ ስንጥቅ፣ የተላጠ ኖራ። ለኤግዚቢሽን ቢሆን በደስታ እዘል ነበር። አንድም በር የለበትም። አንድም የቤት ቁጥር፣ አንድም ሰው። የማን ቤት እንደሆነ እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ። ከሰኞው ድንጋይ ይልቅ ይሄ አስፈራኝ።

አዲስ ፊልም አስገብቼ ወደ ሰቃ ሄድኩ፤ እውነቱን ነገርኳቸው። ድንጋይ ያነሳችው ሴትዮ አፈጠጠችብኝ። እማማ ዘሃራ ግን ሻሻቸውን አስተካክለው ከቤት ቁጥሩ ሥር በራቸው ላይ ቆሙ።
«ቁጥሩ ይታያል?»
ወደ ኋላ ራቅ አልኩ። በሩን፣ ቁጥሩን፣ እሳቸውን አስገባሁ።
«ይታያል፣ እማማ።»
ነገ ቅዳሜ ነው።