ያልመረቅሁት ሽምግልና

ሰኞ

ዛሬም አንድ ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ። ጨለለቂ ሰፈር፣ ኦቦ ደበላ ቤት ለሽምግልና ተቀምጠን ነበር፤ ጎረቤታችንን ሌሊሳን ከሚስቱ ከጫልቱ እንድናስታርቅ። እሷ ከቤቱ ወጥታለች፤ አርጆ እናቴ ቤት ልግባ ትላለች። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። ሁለቱ በኦሮምኛም በአማርኛም ሲከራከሩ እኔ ምንጣፉን ሳይ ዋልኩ። ባለቤቴ የሺ ከሞተች ወዲህ ሰው ሲያወራ ድምፁ እንጂ ነገሩ አይገባኝም። ስንወጣ ኦቦ ደበላ እጄን ይዘው፣ መምህር ዝም የሚሉት ነገሩን እያበሰሉ ነው አሉኝ። ምኑን ነው የማበስለው?

ማክሰኞ

ከሰል አልቋል። ዳቦ ገዛሁ፣ አልበላሁትም። ባለሱቋ እንኳ የነገው ፍርድ ከእኔ እንደሚጠበቅ ነገረችኝ። ለካ ዝምታዬ ሰፈሩን አዳርሷል። ልስቅ ብዬ አቃተኝ።

ረቡዕ

ነገሩ አለቀ ተባለ። ጫልቱ ወደ ባሏ ትመለስ፣ ሌሊሳም ቀሚስ ይግዛላት። የቀረው ምርቃት ነበር፤ በዕድሜ ስለምበልጥ መራቂው እኔ ነኝ። ከተመረቀ ደግሞ መመለሻ የለውም። ቶሎ ጨርሼ ቤቴ ልግባ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ሁሉም ዘረጉ፣ ጫልቱ ብቻ ቀረች።

«ጋሼ፣ እርስዎ አስበውበት ከሆነ ቤቴ እገባለሁ» አለችኝ።

አፈርኩ። እጄን ሰበሰብኩ።

«አላሰብኩም ልጄ። አልሰማሁሽምም። እስቲ እንደገና ንገሪኝ።»

ነገረችኝ። አይመታትም። ሥራ ሲሄድ በሩን ከውጭ ይቆልፍባታል። ለካ ሰኞም ይህንኑ ብላለች፤ ሌሎቹ ጊዜው ስለከፋ ተጨንቆላት ነው ብለው አልፈውታል። ሌሊሳም ለደህንነቷ ነው አለ። እሳት ቢነሳስ? አልኩት። አልመርቅም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ ሳይመረቅ ተበተንን።

ሐሙስ

ጫልቱ በጠዋት መኪና ወደ አርጆ ሄደች። ኦቦ ደበላ መንገድ ላይ «አካም ቡልተኒ» ብለው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ አለፉ። ከሰዓት ሌሊሳ መጥቶ ደጄ ላይ ቁጭ አለ።

«መቆለፉን ብተው ትመለሳለች?»

አላውቅም አልኩት። እውነትም አላውቅም። ሲሄድ ትከሻው ወርዶ ነበር።

ትዳር አፍርሼ ይሆን? ስለ ሰው መጨነቅ ከተውኩ ቆይቼ ነበር። አርጆ ደወልኩ። እናቷ ስልኩን አንስተው፣ እንደገባች እንቅልፍ ወስዷታል፣ ልቀስቅሳት ወይ አሉኝ። ስንት ሌሊት ሳትተኛ ቀርታ ይሆን ብዬ፣ ተዉአት ትተኛ አልኳቸው። ይቺን እንኳ አስቤ ነው የተናገርኩት።