የአክስቴ እሺ

ግንቦት 7
ቡታጅራ። ዛሬም ባጃጅ ስጠብቅ ግማሽ ቀኔ አለቀ...

ሥራዬ ምንድነው? ወረቀቱ ላይ «የጥናት ቡድኑ አባል» ይላል። እንደ እውነቱ ግን አስተርጓሚ ነኝ፣ ባጃጅ ጠሪ ነኝ፣ «ይሄ ወጥ ሥጋ አለው?» ብዬ ጠያቂ ነኝ። ሆላንዶቹ ሁለት ናቸው፣ ሳነ እና ዮስት። እነሱም እንደኔ ተማሪዎች። አፈርና ውሃ እንዴት እንደሚጠበቅ መስክ ላይ ሊማሩ ባሕር ተሻግረው መጡ። እኔም ከወልቂጤ ተነስቼ እናቴ የተወለደችበት መስቃን ልማር መጣሁ። ጉድ ነው!

ሳነ ባጃጅ ውስጥ ጠየቀችኝ። «እዚህ አገር ሰው ሁሉ እሺ ነው የሚለው። እንቢ የሚል የለም?»

ሳቄ መጣ። አስረዳኋት። ቶሎ የሚወጣ እሺ አለ፣ እሱ የእውነት ነው። «እሺ ይሁና» የሚባልም አለ፣ ሰለቸኝ ተወኝ ማለት ነው። ደግሞ አለ... መሬት መሬት እያዩ፣ ድምፅን ወደ ውስጥ ስበው የሚሉት። እሱ እንቢ ነው።

«አንቺ በምን ትለዪዋለሽ?»

«በድምፁ። እኔን አያመልጠኝም።»

ጉራ ብቻ!

ግንቦት 10
ስብሰባ። በየክረምቱ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ የሰፈሩን የበርበሬ ማሳ ያጥበዋል። የቡድኑ ሐሳብ ከማሳው በላይ ቦይ ቆፍሮ ጎርፉን መቀልበስ፣ ከዚያ ጥግ ላይ ባለው የእንሰት ጓሮ በኩል ወደ ታች መልቀቅ ነው። ጥጉ ደግሞ የማን ነው? የአክስቴ የፀሐይ። የእናቴ ታላቅ። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያች እንሰት ነው የምትኖረው።

አክስቴ መሆኗን ስነግራቸው ዮስት «በጣም ጥሩ! ነገሩ ይቀልልናል» አለ።

አስተባባሪያችን መምህር አምሀ ብድግ ብሎ በአማርኛ ጠየቃት። «እናታችን፣ ውሃው በአጥርዎ ጥግ ቢያልፍ ይፈቅዳሉ?»

ነጠላዋን አስተካከለች። መሬት መሬት አየች።

«እሺ።»

ወደ ውስጥ። ያኛው እሺ! ተጨበጨበ። እሷም «ጌታ ይባርካችሁ» ብላ መረቀቻቸው። ዮስት ካርታው ላይ መስመር አሰመረ።

ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። ሆዷን የምታወራኝ በጉራጊኛ ነው። «እነዚህ ልጆች ጎርፉን እንሰቴ ላይ ሊያመጡት ነው?»

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?»

«ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ሰው ሁሉ እያየ እንዴት እንቢ ይባላል? አንቺ አለሽ አይደል እንዴ? ትነግሪያቸዋለሽ።»

እነግራቸዋለሁ አልኳት።

ግንቦት 11
ነገርኳቸው። ሳነ ገብቷታል። ዮስት «እሺ ስትል እኮ ሁላችንም ሰምተናል» አለ።

መምህር አምሀ ሳቀብኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ችኩል ነው። «ሔራን፣ አንቺ ደግሞ! እሺ ይበልጣል ከሺህ ሲባል አልሰማሽም? የዘመድ ነገር ሆኖብሽ ነው።»

የዘመድ ነገር! ዘመዴ ባትሆን ይሰሙኝ ነበር? ዘመዴ ባትሆንስ እኔ ራሴ እሰማት ነበር?

ሳነ ናት ያዳነችኝ። «መጀመሪያ መውረጃው ላይ ሳር ይተከል። ሳሩ አፈሩን ሲይዝ ቦዩ ይከፈት።» ክፍል ውስጥ የተማርነውም ይሄንኑ ነው። መምህር አምሀ «ይሁን» አለ። ተመስገን! ሮጬ ሄጄ ለአክስቴ ነገርኳት። «አላልኩሽም?» አለችኝ። ደስ አላት።

ግንቦት 17
ሳር ስንተክል ዋልን። ሀቢቡም መጣ፣ ከሚታጠበው የበርበሬ ማሳ የእሱም አለበት። አምና አንድም ሳይቀር ታጥቦበታል። «ዘንድሮ ኢንሻአላህ!» እያለ ከሁላችንም በላይ ሠራ። እሱስ ምን በደለ?

አክስቴ ቆጮ በጎመን አቀረበች። ዮስት ደጋግሞ በላ። «ይሄ ልጅ ጉራጌ ሳይሆን አይቀርም» ብላ ስታስቀን ዋለች። አጥሩ ጥግ ያሉትን ትልልቅ እንሰቶችም አሳየችው። ስንት ዓመት ያሳደገቻቸው፣ ዘንድሮ ለቆጮ የሚፋቁት እነሱ ናቸው። መዳፏን ግንዱ ላይ አድርጋ ነበር የምታወራው። ተረጎምኩለት።

ግንቦት 26
ዝናብ የለም። ቦዩ ተቆፍሮ አልቋል፣ መውረጃው ብቻ ነው ያልተከፈተው። ሳሩ ግማሹ ደርቋል። በጀሪካን እያመላለስን አጠጣነው... ይይዝ ይሆን?

ሰኔ 2
ሆላንዶቹ በሳምንቱ ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት የቦዩ ምረቃ አለ፣ ባለሥልጣናት ይመጣሉ። መምህር አምሀ ቦዩ ይከፈት አለ።

«ሳሩ አልያዘም» አልኩ።

«ይይዛል። አታሟርቺ።»

ሳነም ተናገረች። ዮስት ዓይናችንን ሳያይ «ካልተከፈተ የምንለካው ነገር የለም» አለ። እኔም በዚያው ተውኩት። ለምንድነው እንዲህ የምሆነው?

ቆፋሪዎቹ ተጠሩ። ዮስት በየት በኩል እንደሚከፈት አሳየ። ማን ተረጎመ? እኔ! በገዛ አፌ «እዚህ ጋ ክፈቱት» አልኩ።

አክስቴ አጥሩ ሥር ቆማ ታያለች። «አልነገርሻቸውም?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«ታዲያ?»

ቆፋሪዎቹ ጠሩኝ፣ ሄድኩ።

ሰኔ 4
ምረቃ። ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳን። አክስቴን «መሬት የለገሱ እናት» ብለው ማይክ ሰጧት። «ጌታ ይመስገን» ብቻ አለች። ፎቶው ላይ ከጎኗ ነኝ። ፈገግ ብያለሁ።

ሰማዩ ጠቁሯል።

ሰኔ 5
ዘነበ።

ሰኔ 6
ልጻፈው።

ቦዩ ድንጋዩ እንኳ አልተነቃነቀም። የኮረብታውን ጎርፍ ሰብስቦ አምጥቶ ልክ ካርታው ላይ እንደተሰመረው ለቀቀው። የሀቢቡ በርበሬ ቅጠሉ አልተነካም። እኛ የተከልነው ሳር ከነሥሩ ተነቅሎ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አጥሩ ራሱ ግማሹ የለም። ትልልቆቹ እንሰቶች ተገንድሰው ጭቃ ውስጥ ተኝተዋል፣ ሥራቸው ወደ ላይ... በነበሩበት ቦታ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ተከፍቷል።

አክስቴ አላለቀሰችም። ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ገብታ የሚተርፈውን ትጎትታለች። ሀቢቡ ማሳውን አይቶ «አልሃምዱሊላህ» እያለ መጣ። ሲያያት ጃኬቱን ጥሎ አብሯት መጎተት ጀመረ።

መምህር አምሀ ጉድጓዱን ዞሮ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ቦዩ ግን ሠርቷል» አለ።

ልጮህበት ፈለግኩ። አልጮህኩም። እኔም ገብቼ ጎተትኩ፣ ከበደኝ፣ አንዱንም ማንሳት አቃተኝ። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አክስቴ በአጠገቤ አለፈች። ተነሺ አላለችኝም።

ሰኔ 9
ሆላንዶቹ ዛሬ ሄዱ። ሳነ «ሳልሰናበታት አልሄድም» ብላ አክስቴ ቤት ሄድን። ባጃጅ ውስጥ አማርኛዋን ስታጠና መጣች፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ...

አክስቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችን። ሳነ ተናገረች። አንዱንም ቃል አልሳተችም። አክስቴ አገላብጣ ሳመቻት።

«እሺ» አለቻት።

ሳነ ወደኔ ዞረች። በጆሮዬ፣ በእንግሊዝኛ «የትኛው እሺ ነው?» አለችኝ።

ድምፁን ስሰማ ነበር። ወደ ውስጥም አልተሳበም፣ ቶሎም አልወጣም። የአክስቴን ፊት አየሁ። ምንም የለም። እኔን አያመልጠኝም ያልኩት...

«አላወቅኩም» አልኳት።

ልንወጣ ስንል አክስቴን በጉራጊኛ «እሑድ እመጣለሁ፣ ጉድጓዱን አብረን እንደፍናለን» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካከለች።

«እሺ፣ በሰላም ግቢ» አለችኝ። በአማርኛ።

ሳነ አየችኝ። አሁን ግን አልጠየቀችኝም።