በእኔ ስም የተዳፈነው እሳት

ለምወድሽ እህቴ ስንዱ፤

ሰላምታዬ ደጅ ላይ ሳይቀር እስከ ጓዳሽ ይግባ። እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽ ምሕረቱስ፣ ያ የእግሩ ነገር ተሻለው? ልጃችሁ ሶልያና ትምህርቷን በደንብ ጀመረች ወይስ አሁንም በፈረቃ ነው? ከሁሉም በላይ የእማዬ ደረት እንዴት ነው? ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳታል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ሶፎንያስን ኮሮና አልጋ ላይ ጥሎት እንደነበር ነግሬሻለሁ፤ አሁን ድኖ ሶዌቶ ያለውን ሱቁን ከፍቷል። ያልዳነው አፍንጫው ብቻ ነው። ሽታ የሚባል ነገር አይለይም፤ በርበሬና የልብስ ሳሙና ለእሱ አንድ ሆነዋል። ወጥ ባሳርርበትም እጅሽ ይባረክ ብሎ ይበላል፣ ስለዚህ በዚህ በኩል ትዳራችን ከድሮው ይሻላል።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ዱካሞ ነው፤ ከሶፎንያስ አጠገብ ሱቅ ያለው የሆሳዕና ልጅ። እናቱን ሊጠይቅ ስለሚመጣ የኮሮና ምርመራውን አድርጎ ወረቀቱን ይዟል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። ስደውል ድምፁን ከፍ አድርገሽ ስልኩን መሃል ታስቀምጪዋለሽ፣ እማዬ ደግሞ ሰምታ እንዳልሰማች መሆን ታውቅበታለች። ይህን ግን መጀመሪያ ብቻሽን እንድታነቢው ፈልጌ ነው።

ከፋሲካ በኋላ የነገርሽኝ ከልቤ አልወጣም። እማዬ ስታስል እንደምታድር፣ ኮሮና እንዳይሆን ብላችሁ አስመርምራችኋት ነፃ እንደሆነች፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤት ድረስ መጥታ የምትተኛበትን ማድ ቤት አይታ ይህ የጭስ ነገር ነው፣ ማታ ማታ እሳቱ ይጥፋ እንዳለች። እማዬም ልጄ ኤርጎጌ ስትሄድ ያዳፈንኩት እሳት ነው፣ ኤርጎጌ ስትመጣ ታጠፋዋለች ብላ እንዳባረረቻት። እኔ እስከዚያች ቀን ይህን አላውቅም ነበር። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ወፍራም ጉቶ ወደ ምድጃው እየገፋች፣ አመድ እያለበሰች፣ ለእኔ ብላ ከአጠገቡ ትተኛለች። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

አንቺ ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ እናንተ ባላችሁበት አገር እንጨት እየበላ የማያጨስ ምድጃ አለ ይላሉ፣ አይተሽ የሚሻለውን ንገሪኝና እዚህ በበያጅ እናሠራዋለን አልሽኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ጭስ አጥኚ ሆኜልሻለሁ። መንገድ ስሄድ ዓይኔ ከሰው ጣሪያ አይወርድም። የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ የእማዬ እሳት ሳይጠፋ ጭሱ ብቻ የሚጠፋበት ምድጃ።

እንደ ዕድል ሆኖ ምድጃ ለራሳችንም አስፈለገን። የምንኖረው ኬንሲንግተን የሚባል ሰፈር፣ ሚሲስ ፈሬራ የሚባሉ አሮጊት ግቢ ውስጥ፣ ከጓሮ ባለች ትንሽ ቤት ነው። ሰኔ እዚህ ክረምት ነው ስልሽ ዝናብ እንዳይመስልሽ፤ ደረቅ ብርድ ነው፣ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። ቤቶቹን የሠራቸው ሰው በዚህ አገር ብርድ የለም ብሎ የማለ ይመስለኛል። መብራቱንም ሎድሼዲንግ እያሉ በተራ ያጠፉታል፣ ማሞቂያ ቢኖርሽም የምትሰኪበት አታገኚም። ቤታችን ግድግዳው ውስጥ የተሠራ ክፍት የድሮ ምድጃ ስላለው፣ ከነዳጅ ማደያ በመረብ ከረጢት የሚሸጠውን እንጨት ገዝተን አነደድን።

በማግስቱ ሚሲስ ፈሬራ ማስካቸውን አድርገው መጡ። ክፉ ቃል አልተናገሩም። ይህ ሰፈር ጭስ የተከለከለበት ነው፣ ጎረቤት ከከሰሰ ማዘጋጃ ቤት የሚጠይቀው እኔን ነው፤ ወይ አታንድዱ፣ ወይ ጭሱ ያነሰ ዝግ ምድጃ አስገቡ አሉን። ስንዱዬ፣ ከጣሪያሽ ጭስ በመውጣቱ የምትከሰሺበት አገር እንዳለ ብታውቂ። እኛ ጋ እኮ ጭስ ያልወጣበት ቤት ሲታይ ነው ምን ሆነው ይሆን ተብሎ የሚኬደው። ሳቄ መጣ፤ ሚሲስ ፈሬራ ግን አልሳቁም።

ሶፎንያስ ዕቃ ሊያመጣ ጀፕ ወደሚባለው የሐበሾች ገበያ ሲወርድ አብዱልጀባርን ጠየቀው። አብዱልጀባር ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጥ የስልጤ ሰው ነው፣ በዚህ ከተማ የማያውቀው ሱቅ የለም። እናንተ ምድጃ ከገዛችሁ የእኔን ብርድ ልብስ ማን ይገዛል ብሎ ካላገጠበት በኋላ ምድጃ ብቻ የሚሸጥ ቤት አመላከተው። አብረን ሄድን። ገና ከበሩ የተቀበለን ሙቀት ነው። ደርዘን የሚሆኑ ጥቋቁር የብረት ምድጃዎች ተደርድረዋል፣ አንዱ መሃል ላይ ይነዳል፣ በሩ መስታወት ነው። እሳት በመስኮት ስመለከት የመጀመሪያዬ ነው።

ሻጯ ታጋሽ ወጣት ናት። እኔ ጥያቄዬ እንደማያልቅ ታውቂያለሽ፤ ሶፎንያስ ገና ስጀምር አንድ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ለምን አያጨስም አልኳት። ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ እንጨት ነው አለችኝ። ይህን ቃሏን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከታች የሚገባው አየር እንጨቱን ያነደዋል፤ ከላይ ደግሞ በትንንሽ ቀዳዳዎች የጋለ አየር ይገባና ጭሱን ራሱን ያነደዋል። ዝቅ ብዬ ሳይ እውነቷን ነው፤ ከእንጨቱ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ምንም በሌለበት ቦታ፣ ሌላ እሳት ይጫወታል። ያ ነው እንግዲህ የእማዬን ዓይን ሲያስለቅስ የኖረው ጭስ፣ እዚህ ማገዶ ሆኖ።

ሶፎንያስ ወንድ ነውና ትልቁን ምድጃ መረጠ። ሻጯ የክፍላችንን ስፋት ጠይቃ አይሆንም አለች። ትልቅ ምድጃ በትንሽ ክፍል ሲነድ ሙቀቱ ይበዛባችኋል፣ ያን ጊዜ አየሩን ትዘጉበታላችሁ፣ የታፈነ እሳት ደግሞ ያጨሳል አለችን። እንጨቱም በደንብ የደረቀ ይሁን ብላ ሁለት ሹል ጥርስ ያለው ትንሽ መሣሪያ ፍልጡ ላይ ሰካች፤ በውስጡ ያለውን ውሃ በቁጥር ይናገራል። እኔ ሁለቱን ፍልጥ እንደ እማዬ አጋጨኋቸው፣ ቀጭን ድምፅ ሰጡ፣ ደረቅ ነው አልኩ። መሣሪያውም ደረቅ ነው አለ። ሻጯ ደስ ብሏት ደጋግማ አጋጨችው። ከመውጣታችን በፊት ዋናውን ጥያቄዬን ጠየቅኳት፤ ይህ ምድጃ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ይይዛል ወይ? እሷም፣ በደንብ ይነዳል፣ ሲጨርስ ይጠፋል፣ ጠዋት ሌላ ታነጃለሽ አለችኝ። መልሱ ስላልተመቸኝ እንዳልሰማሁ ሆኜ አለፍኩ። ይህ ነገር ከእማዬ ሳይሆን አይቀርም የወረስኩት።

ትንሹን ገዛን፣ ቧንቧውን የሚገጥም ሰው መጥቶ ገጠመው። እንዴት እንደሚያምር። ሚሲስ ፈሬራ ግቢ ውስጥ ቆመው አንገታቸውን ሰቅለው ጣሪያችንን አዩ፤ ከቧንቧው የሚወጣው ነገር ሙቀት ብቻ ነው፣ ሰማዩን ትንሽ ያንቀጠቅጠዋል እንጂ አይታይም። እንግዲህ ለእማዬ የሚሆነውን አገኘሁ ብዬ በልቤ ጨፈርኩ።

ልንተኛ ስንል ግን እጄ የለመደውን ሠራ። አስቤበት አይደለም። ወፍራሙን ግንድ ፍሙ ላይ ገፋሁ፣ አመድ ሰበሰብኩበት፣ የታቹንም የላዩንም የአየር መዝጊያ ጥርቅም አደረግኩ። አዳፈንኩት። ልጅ ሆነን እሳቱ ያደረበት ጠዋት እማዬ እንዴት እንደምትኮራ፣ የጠፋበት ጠዋት ደግሞ ገል አስይዛ እነ አለምወርቅ ቤት እሳት እንድንጭር ስትልከን እንዴት እንደምናፍር ትዝ ይልሻል። እኔ ያን ማታ ቆንጆ ባለሙያ ሆኜ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ራሴ ሊፈነዳ ነው። መስታወቱ ጥቀርሻ ለብሶ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ሶፎንያስን ጭስ ሸተተህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ኧረ ምንም የለም፣ ኢዝ ሻርፕ፣ ሁሉ ደህና ነው አለኝ በዚያ በሞተ አፍንጫው። በሩን ስከፍት ሚሲስ ፈሬራ ቆመዋል። ጎረቤቱ ከንጋት ጀምሮ ደውሎላቸዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ከእኛ ቧንቧ ቢጫ ጭስ ሲወርድበት አድሯል። ምን አደረጋችሁት አሉኝ። እሳቱን አስተኝቼው ነበር አልኳቸው፣ ሌላ እንግሊዝኛ አልመጣልኝም። ለምን አሉኝ። እንዳይጠፋ አልኳቸው። ቢጠፋስ አሉኝ።

ስንዱ፣ ዞር ብዬ ቤቱን አየሁ። ክብሪቱ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ጭራሮው በቅርጫት ሞልቷል። ቢጠፋስ? እሳት ከጎረቤት የሚጫርበት ዘመን አልፎ፣ እኔ ጆሃንስበርግ መሃል ተቀምጬ የማን ወሬ ፈርቼ ነው የማዳፍነው? ሚሲስ ፈሬራ መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ፤ ጥያቄው ግን እኔ ጋ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ለሰው የገንዘብ መልስ እየተሳሳትኩ እሱን ሳሰላስል ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ እንዲጠፋ እተወዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፉ ነገር የሠራሁ ይመስል ሌሊት እየተነሳሁ አየው ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ጠዋት ጭራሮውን ከላይ አድርጌ እለኩሰዋለሁ፣ ወዲያው ይይዛል። መስታወቱ ንጹሕ ነው፣ ጎረቤቱም ሰላምታ ጀምሯል።

አሁን እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ይህን ሁሉ ስመረምር የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ቀን ቦግ ብሎ የሚነደው ሳይሆን ሌሊት ታፍኖ የሚጨሰው እንደሚብስ ነው። እኔን አንድ ሌሊት፣ ያውም በብረት በር ተዘግቶ፣ ራሴን ካዞረኝ፣ እማዬ ክፍት ጉቶ ትራሷ ሥር እያጨሰ ስታድር ደረቷ ምን ይሆን? ስፈልገው የከረምኩት ምድጃ የለም። እሳቱም እንዲያድር ጭሱም እንዳይኖር የሚያደርግ ምድጃ አላገኘሁም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። እኔ እማዬን መርጫለሁ።

ስለዚህ በያጁን ጠርተሽ ትንሽ ምድጃ አሠሪ፣ እንደ ሶፎንያስ በትልቅ እንዳትጓጊ። በር ይኑረው፣ ከታችም ከላይም አየር ያግኝ፣ ቧንቧው በማድ ቤቱ ቆርቆሮ አልፎ ከፍ ብሎ ይውጣ፤ በቆርቆሮው ዙሪያ እንዳያቃጥል ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይግጠመው። ፍልጡን ምሕረቱ ከዝናቡ በታዛው ሥር ያስቀምጥልሽ። ይህ ሁሉ ግን ማታ እሳቱ ካልጠፋ ከንቱ ነው፤ እማዬ ደግሞ ከእኔ በቀር ከማንም እንደማትቀበል አውቃለሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ለምሕረቱ ሰላም በዪልኝ፣ እግሩን አደራ አያድክመው። ሶልያናን ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ፣ ሹራቡን ዱካሞ ይዞላታል፤ ሰፋ ካለ ታድግበታለች። ለእነ አለምወርቅ ቤት ሁሉ በእሳታቸው ያሳደጉኝ ናቸውና ልዩ ሰላምታ። ሶፎንያስም ሰላም ብሏችኋል። ቤተ ክርስቲያን ሰሞኑን እንደገና ስለተዘጋ ጸሎታችን በስልክ ሆኗል፣ የእማዬ ስም ግን ሳይነሳ ውሎ አያውቅም።

ለእማዬ የምለውን ደግሞ አጠገቧ ተቀምጠሽ በሃዲይኛ ንገሪልኝ። እንዲህ በያት።

እማ፣ እኔ ነኝ፣ ኤርጎጌ። እሳት ስትጠብቂልኝ እንደኖርሽ ሰማሁ። እስካሁን ያልመጣሁት የመኖሪያ ወረቀቴ አልቆ ስላልተሰጠኝ ነው እንጂ ቤቱ ጠፍቶኝ አይደለም። የመጣሁ ቀን ፍሙን ባጣው ክብሪት አለ፤ አንቺን ባጣሽ ግን ምን ይዤ እገባለሁ? በእኔ ስም ያዳፈንሽው ነውና በእኔ ስም ይጥፋ፤ እኔ ብያለሁ። ጠዋት ስትነሺ አንቺ ለኩሺው፣ ስንዱም ወዲያው ትደውልልኝ። የእኛ ሰዓት ከእናንተ ወደ ኋላ ስለሆነ ያን ጊዜ የእኔ ምድጃ ገና ቀዝቃዛ ነው። ስልኩ ሳይጠራ ክብሪት አልነካም። በየጠዋቱ ከአንቺ ቤት እሳት እጭራለሁ።

ልጅሽና እህትሽ
ኤርጎጌ

ጆሃንስበርግ፣ ኬንሲንግተን
ሰኔ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.